የማይገጥም ቁራጭ

ልብስ ሰፊው ሰው አያምንም። ይህን እሱም አይደብቅም፣ ሰፈሩም ያውቃል። «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ሲከፋው ይናገረዋል፤ እሱ ግን እንደ ሰላምታ ነው የሚጠቀምበት። ሱቁ ከአንድ ጠባብ መንገድ ዳር፣ ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። በሩ ከውጭ ሁለት ጓጉንቸር፣ ከውስጥ ደግሞ የብረት መወርወሪያ አለው። መስኮቱ ብርሃን ብቻ እንዲያስገባ፣ ሌላ ነገር እንዳያስገባ፣ በሽቦ ወንፊት ተሸፍኗል።

አሠራሩም እንደ ጠባዩ ነው። ደንበኛ ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ሰፊው ልኬት ከመውሰዱ በፊት መቀሱን ያነሳና ከጨርቁ ጠርዝ ላይ የመዳፍ ያህል ይቆርጣል። ያቺን ቁራጭ እንደገና ለሁለት ይከፍላታል፤ ቀጥ አድርጎ አይደለም፣ እባብ እንደሄደበት አሸዋ እያጠማዘዘ ነው። አንዷን ግማሽ ለደንበኛው ይሰጣል፣ ሌላዋን ከጨርቁ ጋር በስፒል ያያይዛታል። ልብሱ ተሰፍቶ ሲያልቅ ግማሿን ይዞ የመጣ ይወስዳል። ሁለቱ ግማሾች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተደርገው ካልገጠሙ የገዛ አክስቱም ብትሆን ባዶ እጇን ትመለሳለች። አክስቱ ደግሞ የእውነት አንድ ጊዜ ተመልሳለች። ከዚያ ወዲህ ልብሷን የምታሰፋው ሌላ ቦታ ነው።

በዚህ የተነሳ ሰፈሩ «ጋሼ ቁራጭ» ይለዋል። ፀጉር አስተካካዩ ሥራ ሲቀዘቅዝበት በሩ ላይ ቆሞ ከማዶ ይጣራል።

«ጋሼ ቁራጭ፣ ለምን ሚስት እንዳላገባህ አሁን ገባኝ።»

«ለምን ነው?»

«ግማሽ ቀሚሷን ይዛ ካልመጣች ቤቴ አትገባም ብለህ ነው።»

«እኔን የማይገባኝ ደግሞ» ይላል ሰፊው ከመኪናው ላይ ቀና ሳይል፣ «ቀኑን ሙሉ ምላጭ ይዘህ የሰው ማንቁርት አጠገብ እየዋልክ ሰው አንተን እንዴት እንደሚያምንህ ነው።»

ከዚህ ሁሉ አለማመን ውስጥ አንዲት በር ክፍት ነበረች። እህቱ።

እህቱ ታናሹ ናት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከሱቁ ብዙም በማይርቅ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች፤ ቀን ቀን ከወንድሟ ጋር ትሠራለች። መኪናው የሱ ነው፣ የእጅ ሥራው የሷ። የአዝራር ቀዳዳ፣ የጠርዝ ስፌት፣ ጌጥ፣ ዶቃ፣ መርፌ በእጅ የሚያዝበት ነገር ሁሉ ወደሷ ይሄዳል። የሱቁ ቁልፍ ከሱ ሌላ ያለው እሷ ዘንድ ብቻ ነበር። ጠዋት ቀድማው ከፍታ ትጠርጋለች። እሱ ሲደርስ «ደህና አደርክ ጋሼ» ትለዋለች፣ እሱም «ደህና አደርሽ እታለም» ብሎ ኮቱን ይሰቅላል፤ ሁለቱም ከዚያ እስከ ምሳ ብዙ አይናገሩም። ቁራጭ የማይጠየቅበት ዝምታ ነበር።

ያን ሰሞን ሱቁ ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የከበረው የነርሷ ሐር ነው።

ነርሷ በቅርብ ያለ ክሊኒክ የምትሠራ፣ ለመጋባት የተቃረበች ልጅ ናት። ሐሩን ይዛ የመጣች ቀን በሁለት እጇ እንደ ሕፃን ታቅፋው ነበር። እናቷ ናት የገዛችላት፤ ልጅቷ ገና ተማሪ ሳለች ገዝታ፣ በነጭ አንሶላ ጠቅልላ፣ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ፣ ሠርጉን ሳታይ ሞተች። ጨርቁ ላይ የእጥፉ መስመር አልጠፋም። ከውስጡም የሳሙና ሽታ ይሸታል።

«ይሄ የእናቴ እጅ ነው» አለች ነርሷ። «ሌላ የለኝም።»

ሰፊው መቀሱን አንስቶ ከጠርዙ ቆረጠ፣ አጠማዝዞ ከፈለ፣ ግማሿን ሰጣት።

«አንቺ ቁራጭሽን ብቻ አትጣይ» አላት። «ጨርቁ ከዚህ ንቅንቅ አይልም።»

ስልኩ የጮኸው የነርሷ ቬሎ ከሐሩ ተሰፍቶ የአዝራሩ ሥራ ብቻ ሲቀር ነው። እህቱ ምሳ ልትበላ ወጥታለች፤ እሱ ገበሩን እየተኮሰ ነው። ቁጥሩን አያውቀውም። ሰፊው የማያውቀው ቁጥር ሲደውል አንስቶ ዝም ይላል። ሌላው እስኪናገር ድረስ ትንፋሹን እንኳ አያሰማም።

«ዝም ማለትዎ ደግ ነው» አለ ድምፁ። «በዚህ ጊዜ ስልክ አንስቶ ሃሎ የሚል ሰው የዋህ ነው።»

ድምፁ የጎልማሳ ወንድ ነው፤ የረጋ፣ ያልቸኮለ። ከኋላው የቢሮ ድምፅ ይሰማል፤ ወንበር ሲጎተት፣ ሰው ሲሳሳቅ፣ በር ሲዘጋ። ሰፊው ካውያውን ከጨርቁ ላይ አነሳ።

«ከጨርቃ ጨርቅ ቁጥጥር ነው የምደውለው። ስሜን አልነግርዎትም፤ ብነግርዎትም ማረጋገጫ የለዎትም። ከመጋዘን የጠፋ ሐር በዘዴ ወደ ልብስ ሰፊዎች ሱቅ እየገባ ነው። እርስዎም ጋ ነጭ ሐር እንዳለ እናውቃለን። አሁን ምንም አልጠይቅዎትም። በዓይንዎ ብቻ ይጠብቁት። ማንንም አይመኑ፤» ድምፁ ትንሽ ቆየት አለ፣ «እኔንም ጭምር።»

ተዘጋ።

ሰፊው ስልኩን ይዞ እንደቆመ ቀረ። ሌላው ሰው ይህን ቢሰማ ይሸሽ ነበር። እሱን ግን የማረከችው ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት። ዕድሜውን ሙሉ እሱ ሲለው፣ ሰው ሲስቅበት የኖረውን ነገር፣ አንድ የማያውቀው ሰው በረጋ ድምፅ መልሶ ነገረው። እኔን እመነኝ ያለው ሰው ቢሆን ኖሮ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዘጋበት ነበር። አትመነኝ ያለውን ምን ያድርገው? ነጭ ሐር እንዳለውስ በምን አወቀ?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚያን ቀን ከሰዓት የሰፊው ጆሮ ከሱ ተለይቶ ሌላ ቤት ውሎ መጣ።

እህቱ ከምሳ ስትመለስ ቀና ብሎ አያት። አይቷት አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ሁልጊዜ አጠገቡ ስለሆነች። ከነጋ እስኪመሽ አጠገብህ ያለን ሰው አታየውም። አሁን አየ። መርፌ ስትይዝ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ማታ ስትወጣ ያላለቀ ሥራ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ትሄዳለች። ስልኳ ሲጮኽ ደጅ ወጥታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነው የምታወራው። እነዚህ ነገሮች ትናንትም ነበሩ ወይስ ዛሬ ነው የጀመሩት? ሊያስታውስ አልቻለም። በማግስቱ ደግሞ የአዝራር ቆርቆሮውን ከፍታ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር ከሥር ስትከት ደረሰባት። ሲያያት ክዳኑን ከደነችው።

«ምንድን ነው?»

«አዝራር ነዋ፣ ምን ይሆናል ጋሼ? የአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ምን ይገኛል?» ብላ ሳቀች።

ሳቋ ከሌላው ቀን ትንሽ ከፍ ያለ መሰለው። ቆርቆሮውን ልክፈተው ብሎ አልጠየቀም። መጠየቅ መልሱን ሊያምኑ ነው፤ እሱ ደግሞ ከዚያ አልፏል።

ድምፁ እንደገና የደወለው ሰፊው ስልኩን ደጋግሞ ማየት ከጀመረ በኋላ ነው። በልቡ ሲጠብቀው ነበር፤ ለራሱ ግን አላመነም።

«ዛሬም ዝም ብለው ነው ያነሱት» አለ ድምፁ። «እንደ እርስዎ ያለ ሰው በየሱቁ ቢኖር እኛም ሥራ ባልበዛብን። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ካልፈለጉ አይመልሱ። ከእርስዎ ሌላ የሱቁ ቁልፍ ያለው ሰው አለ?»

«እህቴ ብቻ ናት።»

ድምፁ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። የሰው ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

«ምነው?» አለ ሰፊው።

«ምንም። ምንም አይደለም። የሥጋ ዘመድ ነገር ስለሆነ እኔ መግባት አልፈልግም።»

ሰው ገፍቶ ከሚያስገባህ ይልቅ በሩን ገርበብ አድርጎ የሚተውልህን ነው መፍራት። ሰፊው ራሱ ገባ። ስለ ጥቅሉ ነገረው፣ ደጅ ስለሚወራው ስልክ ነገረው፣ ስለ ቆርቆሮው ነገረው። ሐሩ የማን እንደሆነ፣ የት እንደተሰቀለ፣ ቁራጭ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ፣ ከመደርደሪያው ላይ ያሉት የራሱ ሱፎች ምን ያህል የከበሩ እንደሆኑ ሁሉ ነገረው። ድምፁ በየመሃሉ «እሺ» እና «አይ ሰው» ከማለት በቀር ምንም አላለም። ሰፊው ሲጨርስ ልቡ ቅልል አለው፤ ለዘመናት የሚያዋየው ሰው አልነበረውም። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

«ቁልፉን እጅዎ ያስገቡ» አለ ድምፁ መጨረሻ ላይ። «ምክንያቱን አይንገሯት።»

ማታ እህቱ ጥቅሏን ይዛ ልትወጣ ስትል ሰፊው በሩ ላይ ቆመ።

«ቁልፉን ስጪኝ።»

«ያንተ ጠፋብህ እንዴ?»

«አልጠፋብኝም።»

እህቱ አየችው። ከአንገቷ ላይ ክሩን አወጣች፤ ቁልፉን በቀይ ክር አንጠልጥላ ነበር የምትይዘው። ልትፈታው ሞከረች፣ ቋጠሮው እምቢ አላት፤ ወደ ዓይኗ አስጠግታ ደባበሰችው። እሱ ቆሞ ያያል። ክሩን አውልቃ ከነቁልፉ እጁ ላይ አኖረችው።

«ነገ ጠዋት ሳትከፍት ብመጣ ምን ላድርግ?»

«ጠብቂኛ።»

«እንደ ደንበኛ?»

 ከጎኑ አልፋ ወጣች። ከማዶ ፀጉር አስተካካዩ በሩን እየዘጋ «ደህና እደሪ» ሲላት ሳትመልስለት አለፈች፤ ሌላ ጊዜ ቀልድ የማያጣው ሰው ያን ቀን ግን ወደ ሰፊው ዞሮ «ምን አደረግሃት?» አለ።

«ቤትህን ዝጋ» አለው ሰፊው።

በማግስቱ ደጅ ላይ ቆማ አገኛት። ገባች፣ ጠረገች፣ ሠራች። «ደህና አደርክ ጋሼ» አላለችም። ሊመሽ ሲል ብቻ፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ «ነገ ጠዋት የምሄድበት አለ» አለች። «ከሰዓት ከነርሷ ጋር እመጣለሁ። ቬሎውን መለካት ትፈልጋለች።»

«የት ነው የምትሄጅው?»

«አለ አንድ ጉዳይ።»

ከነርሷ ጋር። ነርሷና እህቱ። ታዲያ ደጅ ወጥታ የምታወራው ከማን ጋር ነበር? ያላሰበው ነገር ሁሉ አሁን እንደተፈታ ክር እየተመዘዘ መጣ። ሐሩ የእናቴ ነው ያለችው ልጅ እውነት እናቷ ገዝታላት ነው? ማን አየ?

እህቱ እንደወጣች ስልኩን አነሳ። በዚህ ጊዜ የደወለው እሱ ነው።

«ነገ ከሰዓት ሁለቱም ይመጣሉ» አለ ለድምፁ።

«እንግዲያው ዕቃው እስከዚያ መቆየት የለበትም» አለ ድምፁ። «ጠዋት አንድ ሰው እልካለሁ። ለምርመራ ነው፤ ሱፎቹንም አብሮ ያያል፣ ነጻ ከሆኑ ይመለሳሉ። ዝም ብለው እንዲሰጡት አልፈልግም፤ እንደ እርስዎ አሠራር ቁራጭ ይዞ ይመጣል፤ መጋዘን ውስጥ ካለን ናሙና የተቆረጠ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ከገጠመ ደግ ነው። ካልገጠመ አይደንግጡ። ካልገጠመ እርስዎ ጋ ያለችው ግማሽ ተቀይራለች ማለት ነው። ማን ሊቀይራት እንደሚችል ከኔ የበለጠ ያውቃሉ።»

ሰፊው ያን ሌሊት ቬሎው የተሰቀለበት ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጦ አነጋ።

መልክተኛው ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ወጣት ነው። አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሏል፤ መታወቂያው ግን ተገልብጦ ጀርባውን ነው የሚያሳየው። ሰፊው ሊያገላብጠው እጁን ዘርግቶ ነበር፣ ነውር መሰለውና መለሰው። ወጣቱ ከኪሱ ነጭ ቁራጭ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሰፊው ከቬሎው ላይ ስፒሏን ነቅሎ የራሱን ግማሽ አጠገቡ አደረገ።

አልገጠመም። አይደለም መግጠም፣ ለዘመድነትም አይበቃም። የወጣቱ ቁራጭ ጠርዙ እንደ ነገሩ የተቀደደ ነበር። የሰፊው ጣቶች ቁራጩን ሲነኩ ደግሞ ሐር አይደለም አሉት፤ ጣቶቹ ከሱ ቀድመው አወቁ። እጁ በልማድ ጠረጴዛውን ሊያጸዳ፣ ቁራጩን ለባለቤቱ ሊመልስ፣ «ሂድ» ሊል ተዘጋጀ።

ስልኩ ጮኸ።

«ገጠመ?»

«አልገጠመም።»

«አዝናለሁ» አለ ድምፁ፤ ያዘነም ይመስል ነበር። «እንዲህ እንዳይሆን ነበር ምኞቴ።»

ሰፊው ቬሎውን ከመስቀያው አወረደው። በነጭ አንሶላው፣ በዚያው በእናትየው አንሶላ፣ ጠቀለለው። ሱፎቹን ከመደርደሪያው እያወረደ በወጣቱ ትከሻ ላይ ደረደረ። በሩን እሱ ራሱ ነው የከፈተለት። ከማዶ ፀጉር አስተካካዩ ሳሙና የተቀባ ደንበኛ ወንበር ላይ ትቶ ብቅ አለ።

«ጋሼ ቁራጭ፣ ቤት እየለቀቅክ ነው እንዴ?»

«ሥራህን ሥራ።»

ወጣቱ ጥጉ ላይ በቆመች መኪና ውስጥ ዕቃውን ጫነና ሄደ። ሰፊው ተመልሶ ተቀመጠ። ባዶውን መስቀያ ያያል። ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ የማይተዋወቁ ቁራጮች ጎን ለጎን ተኝተዋል።

ከሰዓት እህቱና ነርሷ ገቡ። እህቱ ገና ደጃፉን ሳታልፍ ሰፊው ተነሳ።

«ግማሹን የት አደረግሽው?»

«የቱን ግማሽ?»

«እኔ ጋ የነበረውን። የቀየርሽውን።»

«ምን ሆነሃል ጋሼ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩ። ጥቅል የምታወጪው አንቺ፣ ደጅ የምታወሪው አንቺ፣ ቆርቆሮ የምትደብቂው አንቺ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እህቴ፤ በሬ ካራጁ ይውላል የተባለው ለኔ ነው።»

ነርሷ ነገሩ አልገባትም። የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁራጭ እየተጠየቀ ነው። ቦርሳዋን ከፍታ በመሐረብ የተጠቀለለች ቁራጯን አወጣች። ጠረጴዛው ላይ ወዳለችው፣ ስፒል ወደበሳት ግማሽ አስጠጋቻት።

ጠመዝማዛው ከጠመዝማዛው ገባ። አንዷ ስትገባ አንዷ ስትወጣ፣ መስመሩ እንኳ እስኪጠፋ ድረስ ገጠመ። ሰፊው በገዛ መቀሱ የቆረጣት፣ ማንም ያልነካት ግማሽ ናት።

 እህቱ ናት ቀድማ ወደ መስቀያው ያየችው።

«ቬሎውስ?»

«ወሰዱት።»

«ማን?»

«ስልኩ» አለ ሰፊው።

ነርሷ ደንበኛ የሚጠብቅበት በርጩማ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «አልቆ ነበር?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

«አዝራሩ ነበር የቀረው።»

ሰፊው ስልኩን አነሳና ደወለ። አይነሳም ብሎ ነበር፤ ተነሳ። በዚህ ጊዜ ዝም ያለው ድምፁ ነው። ከኋላው ያው ወንበር ሲጎተት፣ ያው ሰው ሲሳሳቅ፣ ያው በር ሲዘጋ ተሰማ፤ አንድ የተቀዳ ነገር እንደገና እንደሚዞር ሁሉ በዚያው ቅደም ተከተል።

«ሐሩን መልስልኝ» አለ ሰፊው። «የሞተች ሴት አደራ ነው። ሱፉን ውሰደው፣ ሐሩን ብቻ።»

«ጋሼ» አለ ድምፁ እንደ ድሮው ረጋ ብሎ፣ «ማንንም አይመኑ አላልኩዎትም? እኔንም ጭምር ብዬ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ጨርሶ አልሠራም።

እህቱ የአዝራር ቆርቆሮውን ከፈተች። ከሥሩ መነጽር አወጣች፤ አዲስ፣ ወርቃማ ክፈፍ ያለው። ፊቷ ላይ አላደረገችውም። ይዛው ጨርቄን ማቄን ሳትል ወጣች፤ ቀሚሷ ላይ የተሰካው መርፌ እንኳ አብሯት ሄደ።

«ዓይኗ ነው» አለች ነርሷ፣ ሰፊው ባዶውን በር እያየ ሲቀር። «ክር ማስገባት ከተሳናት ቆይቷል። ሐኪም ጋ ያስያዝኩላት እኔ ነኝ፤ ስልክ የምናወራው ስለዚያ ነበር። ዛሬ ጠዋትም እዚያው ነበርን። ሥራ ወደ ቤት የምትወስደው ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን ልትሠራው ነው። እንዳትነግሪው አለችኝ። ‹ወንድሜ ካወቀ ዓይኔን አያምነውም› አለች።»

ሰፊው ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ጻፉለት፤ እንደሱ ያለ ሌላም ሰፊ መጥቶ እንደነበር፣ ቁጥሩም የሞተ ሰው ስም ላይ እንዳለ ነገሩት። ሲመለስ ፀጉር አስተካካዩ ደጅ ላይ ጠብቆ ነገሩን ሁሉ አስተረከው። ሰፊው ተርኮ ሲጨርስ አንድ ነገር አጥብቆ ያዘ።

«ታዲያ ነጭ ሐር እንዳለኝ በምን አወቀ? እሱን ንገረኝ።»

«የሠርግ ወቅት ላይ ነጭ ጨርቅ የሌለው ሰፊ የታለ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ለኔም ደውሎ ‹ሱቅህ ውስጥ ፀጉር ወድቋል› ቢለኝ ነቢይ ነው ልበል?»

ሌላ ቀን ቢሆን ሰፊው መልስ አያጣም ነበር። ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ ገባ። የቀረውን ሁሉ፣ ከነጭ ሐሩ በቀር፣ ድምፁ የሰማው ከገዛ አፉ መሆኑን ቀስ እያለ አንድ በአንድ ቆጠረ።

ነርሷ ቀኗ ደርሷል። ሰፊው ከራሱ ጨርቅ ሌላ ቬሎ ሊሰፋላት ለመናት፤ ሐር አይደለም፣ ግን ነጭ ነው፣ ከልቡም ይሰፋዋል። ነርሷ ሁለቱን የገጠሙ ግማሾች ከጠረጴዛው አነሳች።

«ይቺን ከውስጥ፣ ደረቴ ላይ ትሰፋልኛለህ» አለች። «አዝራሩን ግን እሷ ካልሠራችው አልለብሰውም።»

ሰፊው ሰፋ። ሲያልቅ የራሱን ኮት ከተሰቀለበት አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከግርጌው ጠርዝ ላይ የመዳፍ ያህል ቆረጠ፣ አጠማዝዞ ለሁለት ከፈለ፤ አንዷን ግማሽ በነርሷ እጅ ለእህቱ ላከ። መልእክት አልጨመረም። ምን ብሎ ይጨምር?

ቆይቶ ቬሎውን በሁለት እጁ ታቅፎ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። ሰፈሩ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያየዋል፤ ጠርዙ የተገመጠ ኮት የለበሰ አጭር ሰው፣ ነጭ ቬሎ ተሸክሞ። ፀጉር አስተካካዩ ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ገጠመው።

በሩን አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

ሰፊው አልተቆጣም። ይህን ጥያቄ እሱ ራሱ ስንቱን ጠይቋል። በሩ ገርበብ አለ፤ ከውስጥ ሰንሰለት አለበት። እጅ ብቻ ወጣ፤ መዳፉ ላይ የኮቱ ቁራጭ። ሰፊው የራሱን ግማሽ ከኪሱ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረ። እጇ ተመልሶ ገባ። ውስጥ ሳጥን ሲከፈት ሰማ፤ ቆየት ብሎም በሩ ተከፈተ።

እህቱ መነጽሯን አድርጋለች። ዓይኖቿ ከመስተዋቱ ኋላ ትልልቅ ሆነው ያዩታል። ሁለቱን ግማሾች በአውራ ጣቷ አጣብቃ ይዛለች።

«ይገጥማል» አለች።

ሰፊው ቬሎውን በአንድ ክንዱ አድርጎ፣ በሌላው እጁ ቀዩን ክር ከነቁልፉ ዘረጋላት። አየችው፣ አልነካችውም።

«እሱን መልሰህ ኪስህ ክተተው» አለች። «መግጠም ሌላ፣ ማመን ሌላ። ሥራውን አምጣና ግባ።»

ገባ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መስኮቱ ግን ሰፊ ነው፣ ወንፊትም የለው። ወንበሯ መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ በግራ ትከሻዋ በኩል በሚወድቅበት ተቀምጧል። በዚህ ወንበር ላይ ስንት የአዝራር ቀዳዳ እንደተሠራ፣ እሱ ግን አንድም ቀን እዚህ ገብቶ አይቶት እንደማያውቅ አሰበ። እህቱ ስትቀመጥ ቬሎውን ጭኗ ላይ ዘረጋላትና ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶበት ቆመ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። አላወጣውም። ነዝሮ፣ ነዝሮ ተወ።

እህቱ ከቀሚሷ ላይ መርፌውን ነቀለች፤ ያን ቀን ይዛው የሄደችው መርፌ ነው። ከጎኗ ነጭ ክር መዘዘች። ሁለቱንም ወደሱ ዘረጋች።

«በመነጽሩም ገና አልለመድኩትም» አለች። «አስገባልኝ።»